ከጎንደር አፈር ቀለም ሠርቶ የእድር ቤት ግድግዳ ላይ መሣል፦ ምክር እፈልጋለሁ

ሥዕል ተማሪዋ፦

ጤና ይስጥልኝ። የሥዕል ተማሪ ነኝ። ለዓመቱ ማጠቃለያ ሥነ ጥበብን፣ አካባቢንና ማኅበረሰብን የሚያገናኝ አንድ ሥራና ከሥራው ጎን ለጎን የተጻፈ የሐሳብ ማስታወሻ ማቅረብ አለብኝ። ወደ ቀሃ ወንዝ በሚወርደው መንገድ ዳር ያለ የእድር ቤት ግድግዳ ተፈቅዶልኛል። ከፊቱ የውኃ ቦኖ ስላለ ሰው ጀሪካን ይዞ ይቆምበታል። ርዝመቱ 8 ሜትር፣ ከፍታው 2 ሜትር ነው። ድንጋዩ በጭቃ የተያያዘ፣ ላዩም በጭቃና በጭድ የተለሰነ ነው፤ ቀለም ተቀብቶ አያውቅም። የቆርቆሮው ክፈፍ ትንሽ ወደ ውጭ ይወጣል።

መሣል የምፈልገው የውኃውን መንገድ ነው፤ ከተራራው እስከ ቦኖው፣ ከቦኖውም እስከ ቀሃ። ቀለሙም ከሱቅ ሳይሆን ከዚሁ ከጎንደር መሬት ቢሆን ደስ ይለኛል። የትኛው አፈር ቀለም ይሆናል? በምን ቢለወስ ነው የሐምሌ ዝናብ የማያጥበው? የሰፈሩ ሰው ቆሞ ከማየት አልፎ እጁን እንዲያስገባ ምን ላድርግ? ማስታወሻዬስ “አካባቢያችንን እንጠብቅ” ከማለት የተሻለ ምን ሊይዝ ይችላል?

አፈር አንጣሪ፦

እህቴ፣ ከአፈሩ ልጀምር። የጎንደር ዙሪያ መሬት ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የመጣ ስለሆነ ብረት አለው፤ የአፈሩን ቅላትም ቢጫነትም የሚሰጠው ይኸው ብረት ነው። ተዳፋቱ ላይ ቀይ አፈር፣ ሜዳው ላይ ዋልካ ታገኛለሽ። ዋልካውን ለቀለም አትመኚው። ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ በቀጭኑ ቢቀባ እንኳ ቅርፊት ሆኖ ይነሣል። እርጥብ ሳለ ጥቁር ቢመስልም ሲደርቅ አመድማ ነው።

ቀዩንና ቢጫውን መንገድ ሲቆረጥ ወይም የቤት መሠረት ሲቆፈር ከወጣ አፈር ውሰጂ። ከላይኛው ክንድ ያህል ዝቅ ብሎ የሚገኘው ይሻላል፤ የላይኛው ሥርና ብስባሽ ስላለበት በባልዲ ውስጥ ይሸታል፣ ግድግዳም ላይ ይሻግታል። ከወንዝ ዳር ግን አንድ አካፋም አትውሰጂ፤ የውኃን ነገር የሚናገር ሥዕል የወንዙን ዳር ሸርሽሮ መሠራት የለበትም። ወለቃ ያሉት ሸክላ ሠሪዎች የሚቆፍሩት አፈርም የእንጀራቸው ነው፤ ከፈለግሽው ጠይቀሽ ግዢ። ከፋሲል ግቢ፣ ከቁስቋም፣ ከፋሲለደስ መዋኛና ከደብረ ብርሃን ሥላሴ ዙሪያ ጠጠርም አፈርም አይነሣም። እነዚህ ከእ.ኤ.አ. 1979 ጀምሮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ስፍራ አካል ናቸው።

አነጣጠሩ እንዲህ ነው። 2 ኪሎ የደረቀ አፈር ቀጥቅጠሽ በወንፊት ንፊው፣ በባልዲ 10 ሊትር ውኃ ውስጥ በደንብ በጥብጪው። 1 ደቂቃ ያህል ቆይተሽ ከላይ ያለውን ድፍርስ በአሮጌ ነጠላ አጥልለሽ ወደ ሌላ ባልዲ ገልብጪ። ከታች የቀረው አሸዋ ነው፤ ጣይው፣ ወይም ለጭቃ ልስን አስቀምጪው። ድፍርሱን ከ1 እስከ 2 ቀን ተዪው። ውኃው ከላይ ሲጠራ ቀስ ብለሽ ድፊው፤ ከታች የረጋው ደለል ነው ቀለምሽ። በጣቶችሽ መካከል ስታሺው የሚቆጠቁጥ ነገር ካለ ድገሚው። ከዚያ በትሪ ላይ አድርቀሽ በወፍጮ ድንጋይ ላይ በመጅ ፍጪው፤ ከዚህ በኋላ እህል የማይፈጭበት ድንጋይ ይሁን። ከ2 ኪሎው ግማሹም ላይተርፍ ስለሚችል በብዛት ጀምሪ።

ቢጫ አፈር ካገኘሽ ሁሉንም ቢጫ አድርገሽ አታስቀሪው። በሸክላ ምጣድ ላይ እያማሰልሽ ስታሞቂው በብረቱ ውስጥ የታሰረው ውኃ ይወጣና ወደ ቀይ ይለወጣል። ለውጡ የሚመጣው 300 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ነው። በየ5 ደቂቃው አንድ ማንኪያ እያወጣሽ ብታስቀምጪ ከአንድ ጉድጓድ ብርቱካናማ፣ ቀይና ቀይ ቡናማ ይወጣልሻል። ደጅ ላይ፣ ነፋሱን ከጀርባሽ አድርገሽ ይሁን፤ ዱቄቱ ደረት ይገባል።

ጥቁሩን ከከሰል ፍጪው። ከምጣድ ሥር የሚፋቅ ጥቀርሻ ቅባት አለበት። የከሰል ዱቄት ውኃ ላይ ተንሳፍፎ አልዋሃድ ስለሚል መጀመሪያ በጥቂት አረቄ አርሰሽ ከዚያ ውኃ ጨምሪበት። ነጩ ኖራው ራሱ ነው።

ኖራና ጭቃ፦

ያልተቀባ የጭቃ ልስን መሆኑ ዕድለኛ ያደርግሻል፤ ጭቃ ውኃ ጠጥቶ ውኃ የሚተነፍስ ግድግዳ ነው፣ የኖራ ቅብ ደግሞ አያፍነውም።

በመጀመሪያ የሚሠራው ውኃው ነው። ከመሬት እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ያለውን አትሣይበት። የዝናብ ፍንጣቂና ከሥር የሚወጣ እርጥበት የሚመታው እሱን ነው፤ ቦኖም ስላለ ጀሪካን ሲታጠብ የሚረጨው አለ። እርጥበቱ ጨው ይዞ ወጥቶ ነጭ ብናኝ ይተፋና ቀለሙን ከነልስኑ ያነሣዋል። ድንጋዩን ገልጠሽ ተዪው፤ ከሥሩም ውኃው ከግድግዳው የሚርቅበት ትንሽ ቦይ ይውጣለት። ይህ ሳይሠራ ቀለም መቀባት ድካም ነው። ስለዚህ የምትሥይው 8 በ1.5፣ ማለት 12 ካሬ ሜትር ነው።

ስንጥቁን በዚያው ዓይነት ጭቃ ሙዪ፦ ቀይ አፈር፣ አሸዋና የጤፍ ጭድ፣ በውኃ ተቦክቶ ቢያንስ ለ3 እና 4 ቀን የከረመ። ሲሚንቶ አይግባበት። ሲሚንቶ ከጭቃና ከኖራ ጋር ሲገናኝ የእርጥበቱን መውጫ ይዘጋል፤ ውኃው በደካማው በኩል ይወጣና ጭቃውን ያፈርሰዋል። የፋሲል ግቢ ሕንፃዎች የተሠሩት በኖራ ነው፤ በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በሲሚንቶና በአርማታ የተደረገው ጥገና የማይስማማ ሆኖ በመገኘቱ በኋላ እንዲስተካከል ተደርጓል።

ኖራውን በከረጢት የሚሸጠውን ዱቄት ግዢ። 5 ኪሎ ይበቃሻል። ገና ውኃ ያልነካው ድንጋይ ኖራ ከሆነ ግን ተጠንቀቂ፦ ኖራውን ወደ ውኃ እንጂ ውኃውን ወደ ኖራ አትጨምሪ፤ ይፈላና ፊት ላይ ይፈናጠራል። ስስ ፕላስቲክ ባልዲም ይቀልጣል። ዱቄቱም ቢሆን ዓይንና ቆዳ ያቃጥላል። ጓንትና መነጽር የግድ ነው። ዓይን ውስጥ ከገባ ቢያንስ 15 ደቂቃ በንጹሕ ውኃ እያጠቡ ቶሎ ሐኪም ቤት መሄድ ያስፈልጋል።

ዱቄቱን በውኃ ለውሰሽ እንደ እርጎ ሲሆን ከድነሽ ቢያንስ 2 ቀን አቆዪው፤ ሳምንትና ከዚያ በላይ ቢቆይ ደግሞ ይለሰልሳል። ልትቀቢ ስትይ ከአንድ እጅ ኖራ ሁለት እጅ ውኃ ጨምረሽ አጥልዪው። ግድግዳውን በውኃ አርከፍክፈሽ፣ ውኃው ሲመጠጥ ቅቢ። አራት ቅብ፣ በእያንዳንዱ መካከል አንድ ቀን። ስትቀቢው ግድግዳው በሥሩ ካልታየሽ አወፍረሽዋል። እርጥብ ሳለ ምንም አይመስልም፣ ሲደርቅ ነው የሚነጣው፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይቸኩልና ያወፍረዋል፣ ወፍራሙም ተሰነጣጥቆ ዱቄት ሆኖ ልብስ ላይ ይቀራል።

ኖራ የሚጠነክረው ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ መልሶ ድንጋይ ሲሆን ነው። ይህ ደግሞ እርጥበት ይፈልጋል። ፀሐይ በቶሎ ካደረቀችው አይጠነክርም፤ ጥላ ሲያርፍበት ቅቢና እርጥብ ጆንያ ከፊቱ አንጠልጥዪበት።

ቀለሙን ከኖራው ጋር የምትቀላቅዪው ከሆነ ከደረቁ ኖራ ክብደት ከ10 በመቶ አይለፍ፤ ለ5 ኪሎ ኖራ 500 ግራም ማለት ነው። ከዚያ ከበለጠ የሚይዘው አጥቶ በእጅ ይለቃል። ለዚህ ነው የኖራ ቀለም ሁልጊዜ ፈዘዝ የሚለው። ደማቅ የምትፈልጊውንና መስመሩን በወተት ማያያዣ ሥሪ፦ ቅቤው የወጣለት ወተት ኮምጥጦ ለብ ባለ ሙቀት ሲረጋ አጥልለሽ፣ አጓቱን በውኃ አጥበሽ አውጥተሽ፣ ጨው ያልነካውን አይብ አምስት እጅ ከአንድ እጅ የተለወሰ ኖራ ጋር ምቺው። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ቀልጦ ሙጫ ይሆናል። በእኩሉ ውኃ አቅጥነሽ ያነጠርሽውን አፈር ለውሽበት። እሳት ላይ የፈላ አይብ ግን እብጠት እብጠት እያለ አልሟሟም ይላል። የለወሽው በዚያው ቀን ይለቅ፤ ካደረ ይሸታል፣ ጉልበቱም ይሄዳል።

ቀለም ቤት፦

ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ፕላስቲክ ቀለም ሁለት ጊዜ ቢቀባ ዓመታት ይቆያል፣ ቀለሙም እንደፈለጉት ይደምቃል። ኖራ በየጊዜው መታደስ አለበት። ልጅቷ ጊዜዋን ለሥዕሉ ብታውለው ይሻላል ባይ ነኝ።

ኖራና ጭቃ፦

በደረቀ የሲሚንቶ ልስን ላይ ቢሆን አልከራከርህም፤ ልስኑ አንድ ወር ያህል ከቆየ በኋላ ፕላስቲክ ቀለም በደንብ ይይዛል። ይህ ግን ጭቃ ነው። ፕላስቲክ ቀለም ከላይ እንደ ላስቲክ ይሸፍነዋል፣ ክረምት ከሥር የገባው እርጥበት መውጫ ያጣል፣ ቀለሙም ያብጥና የጭቃውን ፊት ይዞ ይላጣል። ከዚያ በኋላ ኖራም አይቀበልም፤ ሁሉም መፋቅ አለበት። ኖራ መታደሱ እውነት ነው፤ የሚታደሰው ግን ሳይፋቅ፣ ላዩ ላይ አንድ ቀጭን ቅብ በመጨመር ነው።

ሥዕል ተማሪዋ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁለት ነገር ልጨምር። ውኃውን በምን ልሣል? ሰማያዊ አፈር የለም። ሌላው፣ የሰፈሩ ልጆች መሳተፍ ይፈልጋሉ፤ ኖራው የሚያቃጥል ከሆነ ምን ላሠራቸው?

አፈር አንጣሪ፦

የከሰሉን ጥቁር ከኖራው ነጭ ጋር አዋህጂው፤ ቀዝቃዛ፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ግራጫ ይወጣል። ከጎኑ ብርቱካናማ ወይም ሞቃት ቀይ ስታደርጊበት ዓይን ሰማያዊ ብሎ ያነበዋል። በአራት ቀለም ብቻ ለሚሠራ ሰው ይህ ትልቅ ሀብት ነው፤ የቀሃም ውኃ ክረምት ላይ ሰማያዊ አይደለም፣ ቀይ አፈሩን ተሸክሞ ነው የሚወርደው።

እውነተኛ ሰማያዊ ካልሆነ ካልሽ ነጭ ልብስ የሚነከርበት ሰማያዊ ዱቄት አለ። አንዳንዱ ኖራን የሚችል ማዕድን፣ አንዳንዱ በፀሐይ የሚጠፋ ማቅለሚያ ነው። ለመለየት ጥቂቱ ላይ ሎሚ ጭመቂበትና አቆዪው፤ እየደበዘዘ የተበላሸ እንቁላል ሽታ ካመጣ ማዕድኑ ነው። እርድ፣ እንሶስላና ሱፍ ግን ግድግዳ ላይ አይሞከሩ። እርድ ኖራ ሲነካው ወዲያው ይቀላል፣ ፀሐይ ደግሞ ጨርሳ ትበላዋለች።

ለልጆቹ የውኃ ቀለም አዘጋጂላቸው። አንድ እጅ የግራር ሙጫ በሁለት እጅ ሙቅ ውኃ አሳድረሽ አጥልዪ፤ እንዳይሰነጠቅ ጥቂት ጠብታ ማር፣ እንዳይሻግት አንድ ሁለት ፍሬ ቅርንፉድ ጨምሪበት። የተፈጨውን አፈር በዚህ ለውሰው ወረቀት ላይ ይሥሉበታል። ውኃ ያሟሟዋል፣ ስለዚህ ለደጅ አይሆንም። አፈር መንፋት፣ መበጥበጥና ማጥለልም የልጆች ሥራ ነው፤ አፍና አፍንጫቸው ይሸፈን እንጂ።

የእድር ጸሐፊ፦

ልጄ፣ የሰውን ነገር እኔ ልንገርሽ። ፈቃዱ በቃል ከሆነ ወረቀት ይሁን፤ የግድግዳው ልክ፣ የሥራው ጊዜ፣ በኋላም ማን እንደሚያድሰው ይጻፍበት። የእድሩ ማኅተም ያረፈበት አንድ ቅጂ ለቀበሌው ይግባ። ግድግዳው ከቅርሶቹ አጠገብ ከሆነ ደግሞ ከባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቱ ሳይጠየቅ አይጀመርም።

የወሩ ስብሰባ ላይ ሩብ ሰዓት ጠይቂና በጣውላ ላይ የሞከርሻቸውን ቀለሞች ይዘሽ ቅረቢ። “ምን ይሣል?” ብለሽ አትጠይቂ። ሰው ዝም ይላል፣ ወይም የፋሲልን ግንብ ሣይልን ይልሻል። ይልቅ “ቦኖው ሳይመጣ ከየት ነበር የሚቀዳው? ሐምሌ ላይ ጎርፉ ቤት የሚገባው በየት በኩል ነው? የደረቀው ምንጭ የቱ ነው? እዚህ ጋ ምን ዛፍ ነበር?” ብትይ መልሱ ከየአቅጣጫው ይመጣል፣ ክርክሩም አብሮ። ክርክሩን ጻፊው።

ከዚያ ረቂቁን በሁለት ሜትር አቡጀዲ ላይ በከሰል ሥለሽ ቦኖው አጠገብ ለአንድ ሳምንት ስቀዪው። ከሰል በክር አንጠልጥዪበት። ውኃ ለመቅዳት የቆመ ሰው እያየ ያርማል፦ “ምንጩ ከዋርካው በላይ ነው”፣ “መንገዱ በዚህ አያልፍም”። የማይጽፍ ሰው በጣቱ ያሳይሽና አንቺ ትሥያለሽ። ግድግዳው የእነሱ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው፤ ብሩሽ ማስያዙ ከዚህ በኋላ ይመጣል።

ልስኑን ቤታቸውን በእጃቸው የሚለስኑ እናቶችን ጠይቂ። ለየትኛው አፈር ስንት ጭድና እበት እንደሚበቃ እነሱ ያውቃሉ። ቀናቸውን ስለምትወስጂ የቀን ዋጋቸው በጀትሽ ውስጥ ይግባ፤ “ለሰፈር ነው” ተብሎ በነፃ አይታለፍ። ቅዳሜና እሑድ፣ በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔዓለም፣ በ29 በዓለ ወልድ ብዙ ሰው እጁን ሥራ ላይ አያሳርፍም፤ ዓርብ እኩለ ቀን ደግሞ የሙስሊም ጎረቤቶችሽ ሶላት ላይ ናቸው። ሰው በሌለበት ቀን ቀጥረሽ “አልመጡም” እንዳትዪ።

የቅዱሳን ሥዕል ቆሻሻ ውኃ በሚፈስበት ዳር አይሣል፤ ቅር የሚሰኝ አለ፣ ልክም ነው። በሕይወት ያለ ሰው መልክም ያለ ፈቃዱ አይገባም።

ብራና፦

ስለ ማስታወሻው። ከሐሳብ ጀምረሽ ወደ ነገሩ ከመሄድ ከነገሩ ጀምሪ። ለእያንዳንዱ ቀለም አንድ ገጽ ስጪው፦ ከየት ተቆፈረ፣ ማን አሳየሽ፣ እርጥብ ሳለ ምን ይመስል ነበር፣ ሲደርቅ፣ ኖራ ሲገባበት፣ ከወር በኋላስ። ከጎኑ ራሱን ቀለሙን ቅቢበት። ሦስትና አራት ገጽ ስትሞዪ ሐሳቡ ሳትጠሪው ይመጣል።

አንድ ሙከራ ልጨምርልሽ። ጎርፍ በመንገዱ ሲወርድ ድፍርሱን በላስቲክ ጠርሙስ ቅጂና ጠረጴዛ ላይ አቁሚው። አሸዋው በደቂቃ፣ ደቃቁ በሰዓታት፣ ሸክላማው ግን በቀናት ነው የሚቀመጠው። የእያንዳንዱን ውፍረት በማስመሪያ ለኪና ጻፊ። ለቀለም ያነጠርሽበት ባልዲ የሠራው ሥራም ይኸው ነው። አሁን አንገረብ ግድብን አስቢው። ጎንደር ከምትጠጣበት አንዱ ነው፣ ከላይ ካለው ተዳፋት ታጥቦ በሚወርደው ደለልም እየተሞላ የውኃ መያዣው ጠብቧል። አንቺ በባልዲ የፈለግሽው ደለል እዚያ ችግር ነው። አፈሩ አንድ ነው፤ ልዩነቱ ከማሳው ላይ በምን ተነሣ፣ የትስ አረፈ የሚለው ነው። ግድግዳውም ይህን ቢያሳይ እወዳለሁ፦ ተዳፋቱ የተሣለበት ቀይና ጎርፉ የተሣለበት ቀይ ከአንድ ባልዲ ይውጡ። ሥዕሉ ቀሃ ላይም አይቁም። ቀሃና አንገረብ ከተማዋን በሁለት ወገን ይዘው ይወርዱና መገጭ ውስጥ ይገባሉ፣ መገጭም ወደ ጣና። ቦኖው ሥር የታጠበ ሳሙናና የተጣለ ፌስታል የሚሄደው በዚያው ነው።

ስለ አሣሣሉ፦ በአራት ቀለም ስትሠሪ የመጀመሪያውን የጎንደር ዘመን የአሣሣል ስልት አጥኚ። ያልተዳቀለ ቀለም፣ ጠንካራ የጥቁር መስመር፣ ብዙ ጊዜ ባዶ የተተወ ጀርባ አለው፤ የልብሱ እጥፋትም በጎን ለጎን መስመር ነው የሚገለጸው። የሁለተኛው ስልት፣ በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን የጎላው፣ ፊትን በጥላ እያለሰለሰ፣ ጀርባውንም ከአንዱ ቀለም ወደ ሌላው በሚሸጋገር መደብ እየሞላ የሚሄድ ነው፤ ቶሎ በሚደርቅ የወተት ማያያዣ ያን ማዋሃድ ያስቸግርሻል። የቤተ ክርስቲያኖቻችን ሥዕል በብዛት ግድግዳው ላይ በተለጠፈ ጨርቅ ላይ የተሣለ መሆኑንም ልብ በዪ። ረቂቁ የተሣለበት አቡጀዲ ሰዎች ካረሙት በኋላ አይጣል፤ ከነእርማቱ ከማስታወሻሽ ጋር ይቅረብ።

ሥዕል ተማሪዋ፦

ይህን ሁሉ ከጥቅምት እስከ ጥምቀት ማድረስ ይቻላል? በጥምቀት ሰሞን በዚያ የሚያልፈው ሰው ብዙ ነው።

ኖራና ጭቃ፦

ይቻላል፣ ቅደም ተከተሉ ካልተዛባ። አፈሩን አሁኑኑ አንጥሪ፣ ኖራውንም ለውሰሽ አስቀምጪ። ጥቅምት ላይ ቦዩና ልስኑ ይሠራ፤ ልስኑ እስኪደርቅ ጠብቂ፣ በጥፍርሽ ስትጭሪው ከሥሩ ጠቆር ያለ እርጥበት መታየት የለበትም። ኅዳር መጀመሪያ አራቱን የኖራ ቅብ ጨርሺ። ከኅዳር 15 ጀምሮ የነቢያት ጾም ስለሚገባ የወተት ፈላጊ ይቀንሳል፤ የወተቱን ማያያዣ ለዚያ ጊዜ ብታደርጊው ወተት በቀላሉ ታገኛለሽ። ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ሥዕሉ አልቆ ቢያንስ ሦስት ሳምንት ሳይነካ ይቆይ፤ ጥር 11 ሕዝቡ ሲያልፍ ትከሻ ቢታከከው የማይለቅ የሚሆነው ያኔ ነው።

ከመጀመርሽ በፊት ግን እዚያው ግድግዳ ዳር፣ አንድ ክንድ በአንድ ክንድ ላይ እያንዳንዱን ቀለም በኖራም በወተትም ቀብተሽ ሞክሪ። ሁለት ቀን ሲቆይ በደረቅ ጨርቅ እሺው፣ በማግሥቱ ግማሽ ጀሪካን ውኃ ድፊበት። ደርቆ በጨርቅ የሚለቅ ከሆነ ቀለሙ በዝቷል ወይም ማያያዣው አንሷል፤ ሲረጥብ ብቻ የሚለቅ ከሆነ ገና አልጠነከረም፣ ሳምንት ቆይተሽ ድገሚው። ከእያንዳንዱ የተነጠረ አፈርም አንድ አንድ ኪሎ ክዳን ባለው ጣሳ፣ ከየት እንደተቆፈረ ተጽፎበት፣ እድር ቤቱ ውስጥ ይቀመጥ፤ በሚመጣው ጥቅምት የሚያድሰው ሰው ከሌላ ጉድጓድ ቢያመጣ ቀለሙ አይገጥምለትም።